ከንፈር የማይነካው ስም

ከሱ በፊት ሦስቱ ጥርስ ሳያበቅሉ
ቺልድር ሐይቅ ዳር ካለው ጉብታ ሥር ዋሉ።
አራተኛው ሲመጣ አባት ተጨነቀ፣
ስም ሳይሆን ልመና ባንገቱ አጠለቀ፤
«ዱርሱን» ብሎ ጠራው፤ ወደኛ ሲተረጎም
አይሂድብኝ፣ ይርጋ፣ ከደጄ ላይ ይቁም።

ልጁ ግን አልቆመም።
ባሥራ አንዱ ከቤት ወጣ የመምህሩን ሳዝ አዝሎ፣
ያን አንገተ ረጅም፣ ከእንጆሪ ግንድ ተፈልፍሎ
በነኩት ቁጥር የሚያቃስት፣ ትኩሳት እንደያዘው ልጅ።
ሠርግ ካለ ከሠርግ ደጅ፣
ለቅሶ ካለ ከለቅሶ፣
የወንድማማች የድንበር ጠብ ባራት ስንኝ ጨርሶ፣
በጫማው ቀዳዳ የካርስን በረዶ ቀምሶ፣
አርባ ዓመት ዞረ።
ስንቁ ሽንኩርትና ቂጣ፣ ደሞዙ «እሰይ፣ ተባረክ!» ነበረ።

መምህሩ ያወረሰው አንድ ምክር ብቻ ነው፦
«ግጥሙን ስትዘጋ ስምህን ጣልበት፤
ባለቤት የሌለው ቃል
ውሻ ይጎትተዋል።»

ሚስቱ ፔሪዛት ከምድር ቤት ጨለማ
አይብ ታገላብጣለች፣ ጨው እጇን እያደማ።
ሲሄድ የረጋው አይብ ቀዳዳ ሲያወጣ
«ይኸው፣ ይቁም ያሉት፣ ቆሞ የማያውቀው መጣ»
ትለዋለች። አትስቅም።
ሾርባ ታቀርባለች። ከሳዙ ላይ በረዶውን ታራግፋለች፤
ከጫማው ላይ ግን አታራግፍም።

ስለ እሷ አንድም ስንኝ አልወጣውም ይላሉ።
ስለ ሽመላዎች ገጥሟል፣ ከደቡብ ስለሚመለሱት፣
ስለ ግብር ሰብሳቢው ቦርጭ፣
በረዶው ተሰንጥቆ ሐይቁ ስለዋጠው
ስለ ዓሣ አጥማጁ ስለ ሐይሬቲን ፈረስ።
ፈረስ አልቅሶ ሚስቱን ረሳ፣ ተባለ።
ሰው ምን ያውቃል።

ያን የካቲት፣ ካርስ ሻይ ቤት፣ መስኮቱ በላብ ታውሮ፣
ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ፣ ትንፋሹ ጣራ ሰፍሮ፣
ተፋጠጡ፦ ዱርሱን እዚህ፣ እዚያ ወጣቱ ኢልጋር፤
በየከንፈራቸው መሃል አንዳንድ መርፌ ተገትሮ።

ሕጉ ይኸው ነው፦
ከንፈር የሚያጋጥም ድምፅ የጠራ ይደማል።
መ የለም፣ በ የለም፤ ፈም ፐም ክልክል ናቸው።
ሞት አይባልም እንግዲህ፤ መውደድም አይባልም።
(በእነሱም አፍ በእኛም እኒህ ሁለቱ
ያለ ከንፈር አይወጡም፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።)
ዱርሱን ሽቦውን ነካ፦

«ሄድኩኝ እንጂ ሄድኩኝ፣ ጸሐይ ስትጠልቅ፣
ዳገት ቁልቁለት ሳልል፣ ሐይቅ ለሐይቅ፤
ዱርሱን ነህ ይሉኛል፤ ዱርሱን የት ረጋ?
ሣር ላይ ያደረ ጤዛ ነኝ ሲነጋ።»

ቤቱ ጮኸ። ኢልጋርን ላብ አጠመቀው፤
ሦስት ጊዜ አፉን ከፍቶ ሦስት ጊዜ ዋጠው።
ለዱርሱን አንድ ቤት ቀረው፣ የመዝጊያው ቤት፣
ስሙን የሚጥልበት፤
ስሙ ደግሞ መርፌውን አይነካም፣ በጎኑ ሹልክ ይላል።
ሽልማቱ ጠቦት በር ላይ ታስሮ ይጮኻል።

በሩ ተከፈተ። ብርድ ገባ። ከብርዱ ጋር
አይብ ልትሸጥ የመጣች ሴት፣ ሻርፗ ላይ በረዶ፣
የረሳውን ጓንት ይዛ።
አያት።
የገዛ ስሙ ከምላሱ ላይ ተዘጋጅቶ እየጠበቀ
«ፔሪዛት» አለ።

ደም በአገጩ ወረደ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ፤
ጠቦቱን ኢልጋር ወሰደ፣ ሌሊቱም እንደዚያው ነጋ።
እሷ በሻርፗ ጫፍ ደሙን እየጠረገች
«ስሜ እንዲህ ይወጋል?» አለች፤
ያኔ ነው የሳቀች።

ዛሬ ሳዙ ከግድግዳው ላይ ነው፤ አንዱ ሽቦ ላልቷል።
ዱርሱን ከጉብታው ሥር ነው፤
ከሦስቱ ጎን፣ እንደ ስሙ፣ ቆሟል።
ፔሪዛት መስኮቱ ጋ ካልሲ ትጠግናለች፣
ክር እስክትቆርጥ ድረስ
መርፌውን፣ ያንኑ መርፌ፣ በከንፈሯ ይዛ።
ንፋስ በሩን ሲነካው
ቀና ትላለች፤ መርፌው ሳይነቃነቅ
«ዱርሱን» ትላለች።
አትደማም።